አንዱ ቃል ለወዳጅ ጨዋታ፣ ለባዳ ስድብ የሚሆንበት ምክንያት

ጥያቄ፦ «ጎንደር ውስጥ በአስጎብኚነት የምሠራ ወጣት ነኝ። በቅርቡ ከተለያዩ አገሮች የመጡ እንግዶችን ፋሲል ግቢ ሳስጎበኝ አንዱ ደረጃው ላይ ተደናቅፎ በእንግሊዝኛ ጸያፍ ቃል ተናገረ፤ እኔን የሰደበኝ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ከፋኝ። በማግሥቱ ደግሞ ወጣቶቹ እንግዶች እርስ በርስ ሲጠራሩበት የሰማሁትን ቃል፣ አብረዋቸው ለነበሩ አንድ አዛውንት እየሳቅሁ ብናገር ፊታቸው ተለዋወጠ። እኔ ራሴ ጓደኞቼ ‹አንተ ሌባ› ሲሉኝ እስቃለሁ፤ ባለሱቅ ቢለኝ ግን ጣቢያ እሄዳለሁ። ለመሆኑ ስድብ ስድብ የሚሆነው በቃሉ ነው፣ በድምፁ ነው ወይስ በሰውየው?»

ምላሽ፦ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው «በሰውየው» የሚለውን ነው። ማን፣ ለማን፣ በማን ፊት እና ምን መብት ኖሮት ተናገረው የሚለው ጉዳይ ከቃሉ ትርጉምም ከድምፁ አወጣጥም ይቀድማል። ድምፅ ይህ መብት እንዳለ ለሰሚው የሚያስታውቅ ምልክት ነው፤ ቃሉ ደግሞ እያንዳንዱ ሕዝብ ከሚያከብረውና ከሚፈራው ነገር የሚቀዳ በመሆኑ አገር ሲለውጥ ክብደቱም አብሮ ይለወጣል። ይሁን እንጅ በማንም ወዳጅ አንደበትና በምንም ዓይነት ድምፅ የማይለዝቡ ቃላት አሉ፤ እነርሱን ለይቶ ማወቅ ለእርስዎ ሥራ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል ብዬ ስለማምን በቦታቸው በሰፊው እመለስባቸዋለሁ።

ደረጃው ላይ በሆነው ልጀምር። እንግዳው ያወጣው ቃል ወደ ማንም የተወረወረ አልነበረም። በእኛ ዘንድ ስድብ፣ እርግማን፣ መሐላና የድንጋጤ ጩኸት የየራሳቸው ስም፣ የየራሳቸው ቃልና የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ጎንደሬ እግሩን ድንጋይ ሲመታው «እመብርሃን!» ወይም «በስመ አብ!» ይላል፤ አጠገቡ ያለውም «እኔን!» ብሎ የሌላውን ሕመም ወደ ራሱ ይወስዳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ሰው ለመስደብ የሚያውለውን ያንኑ ጸያፍ ቃል ለድንጋጤውም፣ ለንዴቱም፣ አንዳንዴም ለአድናቆቱ ይጠቀምበታል። ስለዚህ የቅዱሳን ስም በሚጠራበት ቅጽበት ጸያፍ ቃል ሲሰሙ፣ እንዲህ ያለውን ቃል በሰው ላይ ሲነገር ብቻ የሚያውቀው ጆሮዎ የሚሰደብ ሰው ቢፈልግ የሚጠበቅ ነው፤ በአካባቢው ደግሞ ከእርስዎ በቀር ባዳ አልነበረም።

እንዲህ ያለው ቃል ከታሰበበት ንግግር የተለየ መሆኑን የሚያመለክት ማስረጃም አለ። በእንግሊዝ የኪል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሪቻርድ ስቲቨንስና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ እጃቸውን በረዶ በሚያህል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የነከሩ ሰዎች ተራ ቃል ከሚደጋግሙበት ጊዜ ይልቅ ጸያፍ ቃል በሚደጋግሙበት ጊዜ ሕመሙን ረዘም ላለ ጊዜ ታግሠዋል። ሐኪሞችም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንዳስተዋሉት፣ የአንጎላቸው ግራ ክፍል ተጎድቶ አንዲት ዓረፍተ ነገር ማቀናበር ያቃታቸው አንዳንድ ሕመምተኞች ስድብና መሐላን ጥርት አድርገው ይናገራሉ። እንግዳዎ በዚያች ቅጽበት ከሰው ጋር እየተነጋገረ አልነበረም ማለት ነው።

ቃሉ የሚቀዳበት ምንጭ ከአገር አገር ምን ያህል እንደሚለያይ ለማየት ወደ ካናዳዋ ኩቤክ እንሂድ። በዚያ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ከባዶቹ ቃላት «ታበርናክ»፣ «ካሊስ» እና «ኦስቲ» ናቸው፤ የመጀመሪያው ቅዱስ ቁርባን የሚቀመጥበት ሣጥን፣ ሁለተኛው ጽዋው፣ ሦስተኛው ኅብስቱ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ትምህርት ቤቱንም፣ ሆስፒታሉንም፣ የቤተሰቡንም ኑሮ በእጇ ይዛ ስለነበር የሕዝቡ ቁጣ የፈነዳው ወደ መሠዊያው አቅጣጫ ነበር። እነዚሁ ቃላት ፓሪስ ውስጥ ቢነገሩ ሰሚው ግራ ይጋባል ወይም ፈገግ ይላል እንጅ አይቆጣም። የጽዋ ማኅበር በሚጠጣባት በጎንደርማ «ጽዋ» ብሎ መሳደብ ከነአካቴው ትርጉም የሚሰጥ አይደለም። በሆላንድ ቋንቋ ደግሞ የሚከብዱት የበሽታ ስሞች ናቸው፤ ካንሰር፣ ታይፈስና ኮሌራ ሰውን ለመዝለፍም፣ ተራ ንግግርን ለማጠንከርም ይውላሉ። እኛም «ምች ይምታህ» እንላለን፤ ነገር ግን በእኛ ዘንድ በሽታው እንዲታዘዝ የሚለመነው ፈጣሪ ነውና ነገሩ እርግማን እንጅ ስድብ አይባልም። በጃፓንኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጸያፍ ቃል ሳያስፈልግ ሰውን በተውላጠ ስም ብቻ ማዋረድ ይቻላል፤ «ኪሳማ» የሚለው መጠሪያ ቀድሞ የአክብሮት ሆኖ ሳለ ዛሬ ለጠብ የሚጋበዝ ሰው የሚጠራበት ነው። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ቅርብ ነው።

እርስዎ የተባሉ አንድ የጎንደር ሽማግሌ በአደባባይ «አንተ» ቢባሉ ሌላ ምንም ቃል ሳይጨመር ተሰድበዋል። ጎልማሳን ወንድ በጠብ መካከል «አንቺ» ማለትም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ያችው «አንቺ» ከእናት አፍ ለወንድ ልጇ ስትወጣ ቁልምጫ ትሆናለች፤ ወንድሞች እኅታቸውን «አንተ» ብለው ሲጠሩም የቅርበት ነው። ስለ ስድብ የሚጠይቁ ሰዎች ዘወትር የጸያፍ ቃላትን ዝርዝር ይፈልጋሉ፤ እኔ ግን በአማርኛ የመሳደቢያው ዋና መሣሪያ የአክብሮት መደቡና ጾታው ነው ባይ ነኝ። ሁሉም ሰው በየደቂቃው የሚጠቀምበት መሆኑ ደግሞ ጉዳቱን ያሰፋዋል።

ወደ ራሳችን ስድቦች ስንመጣ፣ በጎንደርና በአካባቢዋ የከበዱት ሰውነትን የሚመለከቱት ሳይሆኑ ትውልድን፣ ወኔንና ሙያን የሚነኩት ናቸው። ለዚህ ምክንያት አለው። እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ በዚህ አገር ርስት የሚገኘው በአባትም ሆነ በእናት በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልድ ቆጥሮ ነበር። «ትውልዱ የማይታወቅ» ወይም «ዲቃላ» የሚለው ቃል እንግዲህ የሰውየውን ስሜት ብቻ ሳይሆን ከዘመዶቹ ጋር ተሰልፎ መሬት የመጠየቅ መብቱን የሚነካ ነበር። ርስቱ ከቀረ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፍም ቃሉ ክብደቱን አልጣለም። በአንጻሩ አውስትራሊያውያን ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ማለት የሆነውን የእንግሊዝኛ ቃል ለቅርብ ወዳጃቸው በፍቅር ሲሉት ይሰማል፤ ወደ አማርኛ ገልብጦ ለጎንደሬ መናገር ግን ጠብ መፈለግ ይሆናል። ስለ «ፈሪ» ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ፉከራና ሽለላ በሚሰማበት አገር ይህ ቃል ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቀዋል።

አሁን ወደ ድምፁ ልግባ፤ የጥያቄዎ ውብ ክፍል ይህ ነው። አያት የተደበቀውን ስኳር ፈልጎ ያገኘ የልጅ ልጃቸውን «ይህች ሌባ!» ይላሉ። በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ሦስት ነገሮች ቃሉን አልዝበውታል፦ ወንዱ ልጅ በሴት ተጠርቷል፣ ፊት ለፊት ከመናገር ይልቅ ለሌላ ሰው እንደሚያሳዩት ተደርጓል፣ ድምፁም በመጨረሻው ላይ ተስቦ ወርዷል። ባለሱቁ «አንተ ሌባ!» ሲል ግን ቃሉ አጭር፣ ጠንካራና ወደ ፊት የተገፋ ነው። አማርኛ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃልን ፍቺ የሚለይ ቋንቋ አይደለም፤ የተናጋሪውን ልብ ግን በእርሱ ይለያል። ከድምፁ ሌላ ሰዋስውም ይሠራል። «ሞኝ» ብቻውን ይነክሳል፣ «የኔ ሞኝ» ግን ያቅፋል፤ ሰውየውን የራስ ካደረጉት በኋላ ማዋረድ አይቻልምና። «አይ አንተ» ብሎ መጀመርም ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አስቀድሞ ያለሰልሰዋል።

የበለጠ የሚደንቀው የባለቤቱ መለዋወጥ ነው። «ምናባህ ትፈልጋለህ?» የሰውን አባት እስከ ማንሳት የደረሰ ድፍረት ነው። «ምናባቴ ላድርግ?» ያለ ሰው ግን የራሱን አባት ያነሣው ጭንቀቱን ሊናገር ነውና ማንም አይቆጣውም፤ እንዲያውም ያዝንለታል። «ምናባቱ!» ደግሞ ችግርን ወይም የጠፋ ነገርን ንቆ መተው ነው። አፈርም እንዲሁ ነው። «አፈር ብላ» ሞትህን ያሳየኝ እንደ ማለት ሆኖ ሳለ፣ ማዕድ ላይ «አፈር ስሆን ይህችን ጉርሻ» ያለች እናት ግን ያንኑ ሞት በራሷ ላይ ጠርታ ፍቅሯን ትለምንበታለች። ከእኛ ቋንቋ ጋር ያልኖረ ሰው ይህን ሲሰማ ሴትዮዋ ራሷን የረገመች ይመስለዋል፤ እርስዎም ከእንግሊዝኛው ጋር የገጠመዎት ይኸው ነው። ለዚሁ ተመሳሳይ ሥርዓት የሆነውን ሌላም ልጥቀስ፤ ያማረን ሕፃን «ፉንጋ» ማለት ከዓይን ለመጠበቅ ነው፣ ልጅ አልበረክት ያላቸው ወላጆችም ለተወለደላቸው ሕፃን ሞት እንዲንቀው የሚያስንቅ ስም ያወጡለት ነበር።

እንግዲህ ጓደኞችዎ «ሌባ» ሲሉዎት ለምን ይስቃሉ? አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ሊቅ ዊልያም ላቦቭ በኒውዮርክ ሃርለም ጥቁር ወጣቶች በጨዋታ የሚሰዳደቡበትን ሥርዓት አጥንቶ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ወሳኝ ነገር አሳይቷል። ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ የሚቀጥለው የተባለው ነገር ሐሰት መሆኑን ተናጋሪውም፣ ተሰዳቢውም፣ በዙሪያቸው የቆመውም ሁሉ እስካወቀ ድረስ ነው፤ ስድቡ እውነትን ከነካ ወይም እውነት ሊሆን የሚችል ከመሰለ ተሰዳቢው በስድብ ፈንታ ማስተባበል ይጀምራል፣ ጨዋታውም ያኔ ይፈርሳል። ጓደኞችዎ እጅዎ ንጹሕ መሆኑን ስለሚያውቁ «ሌባ» ማለታቸው እንደሚያምኑዎት መመስከር ነው። ከመካከላቸው የአንዱ ገንዘብ በጠፋበት ማታ ያው ጓደኛ በዚያው ፈገግታ ቢናገረው ግን አይስቁም። የባለሱቁ ጉዳይም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ እርሱ ስለ እርስዎ የሚያውቀው ነገር የለም፣ በገበያተኛ ፊት ተናግሯል፣ ሰሚውም ሊያምነው ይችላል።

ከሃርለሙ ጨዋታ ጋር ሲነጻጸር ግን የእኛ ወሰን ሌላ ቦታ ላይ ነው። በዚያ የጨዋታው እምብርት የተጋጣሚን እናት ማንሳት ነው። በጎንደር እናት መሐላ ናት፤ የእናት ስድብ የተነሣበት ጨዋታ ጨዋታነቱ አብቅቷል፣ አብሮ አደግም ቢሆን ይቅርታ ካልጠየቀ አይታለፍም። በፊልምና በዘፈን የሰማውን የውጭ አገር የእናት ስድብ ሳያስበው የሚደጋግም ወጣት በከተማችን እየበዛ መምጣቱ ያሳስበኛል፤ ቃሉን እንጅ ቃሉን የሚገዛውን ሥርዓት አልተማረውምና።

መሳደብ የሚፈቀድባቸው ግንኙነቶችና ቦታዎች መኖራቸውም የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ራድክሊፍ ብራውን በ1940 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፈው በብዙ ማኅበረሰብ ውስጥ በጋብቻ የተሳሰሩ አንዳንድ ዘመዶች እንዲዘላለፉ ሥርዓቱ ራሱ ይጠብቅባቸዋል፤ ቅር መሰኘትም ለእነርሱ አልተፈቀደም። የእኛዎቹ ዋርሳዎች እንዲህ ናቸው፤ ከአማት ጋር ግን ቃል ይመዘናል። በሠርግ ቀን የሙሽራዋ ወገን ሴቶች ሚዜዎቹን በግጥም ሲሸነቁጡ ሚዜው ከመሳቅ በቀር መልስ የለውም። አዝማሪው በማሲንቆ የእንግዳውን ሆድ ወይም ንፍገት አንሥቶ ሲዘልፈው ተዘላፊው ብር ይለጥፍለታል። ማለዳ ደጅ ላይ ቆመው የሚያዜሙት ላሊበሎችም የሰጣቸውን ይመርቃሉ፣ የነፈጋቸውን ይዘልፋሉ፤ ማንም ግን አይከሳቸውም። ከእነዚህ ሁሉ ጎንደርን በዓለም የጥናት መድረክ ያስጠራት የዛር ሥርዓት ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ከዳካር እስከ ጅቡቲ ከተጓዘው የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር ሰንብቶ በዛር መሪዋ በወይዘሮ መልካም አየሁ ቤት ይህንኑ ተከታትሏል። ዛር የሰፈረባት ሴት በሌላ ቀን ከአፏ የማይወጣውን ቃል ትናገራለች፤ ተናጋሪው ዛሩ እንጅ እርሷ አይደለችምና በኋላ አትጠየቅበትም። ያው አፍና ያው ድምፅ ሆኖ የተናጋሪው ማንነት ብቻ ሲለወጥ ስድቡ ስድብነቱን ካጣ፣ «በሰውየው» ያልኩት ከዚህ የተሻለ ምስክር አያገኝም።

ተቃራኒው ደግሞ አለ፤ አንዲትም ጸያፍ ቃል ሳይኖርባቸው ከስድብ ሁሉ የሚከብዱ ንግግሮች። የተበደሉ አዛውንት ድምፃቸውን ሳያሰሙ «የእጅህን ይስጥህ» ቢሉ ቃሉ ምርቃትም ሊሆን ይችላል፤ መልካም ለሠራ መልካሙን፣ ክፉ ለሠራ ክፉውን ይመልስለታልና ፍቺው የሚገኘው በሰሚው ሕሊና ውስጥ ነው። «እግዜር ይይልህ» ያለም ሰው ሙግቱን ከሰው ፊት አንሥቶ ወደ ላይ አስተላልፏል። ብዙ የውጭ አገር ተማሪዎች ከጩኸቱ የተነሣ «ውሻ» ወይም «አህያ» የሚሉትን ከባድ ስድብ ይሉና እነዚህን እንደ መልካም ምኞት ይመዘግቧቸዋል። በመርካት ይሁን በመከፋት መነገራቸውን የሚለየው ድምፅ ነው፤ የከፋው የሚባለው ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ የተነገረው ነው። የጩኸት መጠን የስድብ መጠን አይደለም።

አሁን ወደማይለዝቡት ቃላት ልመለስ። የሙያና የዘር ዘለፋዎች ማለቴ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ጠይብ»፣ ሸማ የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ» እያሉ ማዋረድ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር የሚታወቀው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት በመድረሳቸው ነው፤ አዋጁ ባለሙያን የሰደበ ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠር አስታውቋል። በጎንደር ደግሞ ጉዳዩ የቅርብ ነው። በግንብ ሥራ፣ በብረትና በሸክላ ለከተማይቱ የደከሙት ቤተ እስራኤሎች፣ ከከተማዋ በስተ ሰሜን በወለቃ እና በሌሎችም መንደሮች ሲኖሩ «ቡዳ» እየተባሉ በዓይነ ቁራኛ ይታዩ ነበር። ይህ ቃል ሰውን ከማዕድ፣ ከጉርብትናና ከገበያ የለየ፣ አንዳንዴም ለድብደባ የዳረገ ስለሆነ በፈገግታ ቢናገሩትም ያንን ሁሉ ይዞ ይመጣል። «ባሪያ» የሚለውም እንዲሁ ሰው ይሸጥና ይለወጥ የነበረበትን ዘመን ይዞ ይኖራል። ተናጋሪው «እኔ በጨዋታ ነው» ማለቱ በቂ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ በጨዋታ ስድብ ውስጥ የተባለው ነገር ሐሰት መሆኑን ሁሉም ማወቅ አለበት ብያለሁ፣ እነዚህን ግን አያሌ ሰዎች እውነት አድርገው ስለኖሩባቸው ያ ዋስትና የለም። ሴትን በክብሯ የሚነኩ ቃላትም ከዚሁ ወገን ናቸው። ፒያሳ ላይ የምታልፍን ልጅ እየሳቁ የሚለክፉ ወጣቶች ድምፃቸው የጨዋታ ቢመስልም ልጅቷ ለጨዋታው ፈቃድ አልሰጠችም። በቁልምጫ ድምፅ የተነገረ መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል እንጅ አያቀለውም፤ የሌለ ቅርበት እንዳለ አድርጎ ይወስዳልና።

የእርስዎና የአዛውንቱ እንግዳ ነገር የሚፈታው በዚሁ በኩል ነው፤ ነገር ግን አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለበት። በ2003 እ.ኤ.አ. ካትሪን ሃሪስ፣ አይሼ አይቺቼይ እና ጂን በርኮ ግሊሰን የተባሉ ተመራማሪዎች አፍ መፍቻቸው ቱርክኛ የሆነ፣ እንግሊዝኛን በኋላ የተማሩ ሰዎችን መርምረው ነበር። ጸያፍ ቃልና በተለይም ወላጅ ልጁን የሚገሥጽባቸው ዓይነት ንግግሮች በቱርክኛ ሲሰሙ የእጃቸው ቆዳ ላይ የሚለካው የመደንገጥ ምላሽ በእንግሊዝኛ ከሰሙት ይልቅ ከፍ ያለ ሆነ። በልጅነት ያልተቆነጠጥንበት ቋንቋ ውስጥ ያለ ስድብ ፍቺው ይገባናል፣ ሰውነታችን ግን አይሰማውም። እርስዎም ያንን የእንግሊዝኛ ቃል ሲናገሩ አፍዎ ላይ ቀለለዎት፤ አዛውንቱ ጆሮ ላይ የደረሰው ግን በሙሉ ክብደቱ ነው። በዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መካከል ራሱ ስምምነት የለም። የአውስትራሊያ የቱሪዝም ማስታወቂያ በ2006 እ.ኤ.አ. «ብለዲ» የሚለውን ቃል ይዞ ሲወጣ በአገሩ እንደ ተራ የቤት ጨዋታ የታየው ነገር በብሪታንያ ቴሌቪዥን ለጊዜው ተከልክሎ ነበር። ወጣቶቹ እንግዶች እርስ በርስ የሚጠራሩበት መብት ደግሞ የእነርሱ ነበር፤ አብሮ በመክረም የተገኘ ነው። እርስዎ ቃሉን ሲያነሡ ያላገኙትን መብት ለራስዎ ሰጡ፣ ያውም በዕድሜ ከሚበልጥ ሰው ፊት።

ስለ ባለሱቁ አንድ ነገር ላክል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 615 ስድብንና ማዋረድን በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል፤ በቃል ብቻ ሳይሆን በምልክትም የሚፈጸመውን ይጨምራል። ለሌላ ሰው «እንዲህ ያለ ዕቃ ሰርቆኛል» ብሎ የሐሰት ድርጊት መለጠፍ ግን በአንቀጽ 613 ወደ ስም ማጥፋት ይሄዳል፤ ዘርን፣ ሃይማኖትንና የመሳሰለውን መሠረት አድርጎ ጥላቻ የሚያነሣሣ ንግግርም ራሱን የቻለ አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012፣ አለው። ሕጉ ከመጠየቁ በፊት ግን የሰፈር ሽማግሌዎች እንዲያዩት እመክራለሁ፤ እነርሱ ነገሩን በሚገባ የሚመረምሩበት ዘዴ አላቸውና። ሽማግሌ አስቀድሞ የሚጠይቀው «በማን ፊት ተናገረህ?» ብሎ ነው። ተበዳዩም የተባለውን ቃል ከመድገሙ በፊት «እናንተን አይመለከትም» ብሎ ይጀምራል፤ ቃሉን ለማስረጃ መጥቀስና ቃሉን መሰንዘር የተለያዩ መሆናቸውን በዚህች አጭር ንግግር ያስታውቃል። ይህችን ልማድ በጣም እወዳታለሁ፤ ስለ ስድብ በጨዋነት ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

በሥራዎ ላይ እንግዶች «አንድ የአማርኛ ስድብ አስተምረን» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። «ምናባቴ ላድርግ» የሚለውን ያስተምሯቸው፤ ባለቤቱ ራሱ ተናጋሪው ስለሆነ ማንንም አይነካም፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ በዋጋ ሲጨነቁ ቢናገሩትም ሻጩን ያስቀዋል። ትውልድን፣ ሙያንና እናትን የሚነካ ቃል ግን እንደ መታሰቢያ ዕቃ ይዘው እንዲሄዱ አይስጧቸው፤ አንድ ቀን ከእኛ ሰው አንዱን በሌላ አገር ያገኙና ይሉታል። አዛውንቱን በተመለከተ፣ ከጉዞው አዘጋጅ አድራሻቸው የሚገኝ ከሆነ አጭር ደብዳቤ ይላኩላቸው። ቃሉን ከወጣቶቹ እንደሰሙት ማስረዳት አያስፈልግም፤ ይህ ጥፋቱን ወደ ሌላ ማዞር ይመስላል። «በእንግሊዝኛ የቃሉን ክብደት ሳልመዝን ከዕድሜዎ ጋር የማይገባ ቅርበት ወስጃለሁ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ» ብለው ይጻፉ። ቃሉንም በደብዳቤው ውስጥ ደግመው አይጻፉት።